ለትምህርት ቤት ደብተር ከማደላችሁ በፊት፦ ባለድርሻ አካላትን የመለየትና ማህበራዊ ኃላፊነትን የመወጣት ሥራ ደረጃ በደረጃ

በየዓመቱ አንድ ዓይነት ነገር አያለሁ። ድርጅቱ ለትምህርት ቤት ደብተር ያድላል፣ ባነር ይሰቅላል፣ ፎቶ ይነሳል። ሁለት ወር ሳይሞላ ወደ ድርጅቱ የሚያስገባው መንገድ በድንጋይ ተዘግቶ ይገኛል። ባለቤቱ «ይህን ሁሉ አድርገንላቸው!» ብሎ ያዝናል። ሰዎቹ ግን ደብተር አልጠየቁም። የጠየቁት ፍሳሹ ወንዛቸው ውስጥ እንዳይገባ ነው፣ ወይም ሚዛኑ እንዲስተካከል ነው፣ ወይም የሠሩበት ገንዘብ በቀኑ እንዲከፈላቸው ነው። የሰማቸው ሰው ስለሌለ ድንጋይ አመጡ።

ምሳሌዬ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ነው፣ ማለትም ቀዩ የቡና ፍሬ በማሽን ተፈልፍሎ በውሃ የሚታጠብበት ቦታ፤ የማውቀው ሥራ እሱ ስለሆነ። የአበባ እርሻ፣ የድንጋይ መፍጫ ወይም የቆዳ ፋብሪካ ያላችሁም ቅደም ተከተሉን እንዳለ ውሰዱት። የእኔን ፍሳሽ በእናንተ አቧራ ወይም ኬሚካል ተኩት።

አንድ ቃል ብቻ እናጥራ። ባለድርሻ ሲባል ብዙ ሰው ባለአክሲዮን ይመስለዋል። ባለአክሲዮን ገንዘብ ያስገባ ሰው ነው። ባለድርሻ አካል ግን ሥራችሁ የሚነካው ወይም ሥራችሁን ሊነካ የሚችል ሰው ሁሉ ነው። ፍሬማን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር በ1984 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠው ትርጉም ይኸው ነው፤ ለእኛ ሥራ ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

## ከመጀመራችሁ በፊት

ጊዜ። ለቀማው በአብዛኛው ቦታ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ስለዚህ ይህን ሥራ ጥር መጨረሻ ላይ ጀምሩ። ያኔ የፍሳሹ ሽታ ከሰው አፍንጫ፣ ቅሬታውም ከሰው አፍ አልጠፋም። መስከረም ላይ የሚጀምር ሰው የፍሳሽ ጉድጓድ ለመቆፈርም፣ ሰው ለማዳመጥም ጊዜ የለውም፤ የሚቀረው ደብተር መግዛት ነው።

ሰው። ሁለት ሰው መድቡ። የአካባቢውን ቋንቋ አፋቸውን የፈቱበት ቢሆኑ ጥሩ ነው። አንዷ ሴት ትሁን፤ ይህ ለማሳመር አይደለም፣ ደረጃ 3 ላይ ስትደርሱ ያለሷ ሥራው ይቆማል። ከሁለቱ አንዱ በቀጥታ ወደ ባለቤቱ የሚደውል መሆን አለበት። የሰማውን ለማስፈጸም ሥልጣን የሌለው ሰው ከላካችሁ ሰው ባትልኩ ይሻላል።

ወረቀት። እነዚህን አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጡ፦ የመሬት ይዞታ ሰነድ፣ የኢንቨስትመንትና የንግድ ፈቃድ፣ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ሪፖርት። የመጨረሻውን ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት የቀረበ ሪፖርት ውስጥ ድርጅቱ «እንዲህ አደርጋለሁ» ያለው ነገር አለ። አብዛኛው ባለቤት ምን ቃል እንደገባ አያውቅም፤ የጻፈለት አማካሪ ነዋ። እኔ ራሴ ገጹ መሀል የሌላ ወረዳ ስም የተጻፈበት ሪፖርት አጋጥሞኛል። እንዲህ ያለ ካላችሁ አሁኑኑ አስተካክሉት፤ የሚያጣላችሁ ቀን ሲመጣ መጀመሪያ የሚወጣው ወረቀት እሱ ነው።

ገንዘብ። ሁለት ኪስ አዘጋጁ። አንዱ ራሳችሁ ያደረሳችሁትን ጉዳት ለማስተካከል፣ ሌላው ለድጋፍ። እንዳይቀላቀሉ። የፍሳሽ ጉድጓድ መቆፈር ልገሳ አይደለም፤ የራሳችሁ ግዴታ ነው። «ለማህበረሰቡ ይህን ያህል ብር አወጣን» ብላችሁ ጉድጓዱን ከቆጠራችሁበት ሰው ይታዘባችኋል።

## ደረጃ 1፦ ዝርዝሩን በእግራችሁ አውጡ

1. ከፍሳሹ መውጫ ጀምሩ። ውሃውን ተከትላችሁ ወደ ታች ውረዱ። ቢያንስ አንድ ሰዓት ሂዱ።
2. ያገኛችሁትን ሁሉ ጻፉ፦ ውሃ የሚቀዳበት ቦታ፣ ከብት የሚጠጣበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ የመስኖ ቦይ፣ የንብ ቀፎ።
3. ተመልሳችሁ ወደ ላይ ውጡ። ውሃ የምትጠልፉበት ቦታ ላይ ማን ይጠቀም ነበር? አሁንስ ከየት ይቀዳል?
4. አጥሩን ዙሩ። በማጠቢያ ወቅት ማሽኑ ማታም ይጮኻል። የማን ቤት ነው ቅርብ?
5. ወደ ቢሮ ተመልሳችሁ የቀሩትን ጨምሩ፦ እሸት የሚያመጡ ገበሬዎች፣ ሰብሳቢዎች፣ በማድረቂያ አልጋ ላይ ቡና የሚለቅሙ ሴቶች፣ ጥበቃዎች፣ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማህበር፣ እድር፣ ሽማግሌዎች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ ቀበሌ፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች፣ ባንክ፣ ገዢ።

ገዢውን አትርሱት። ቡናችሁ አውሮፓ የሚገባ ከሆነ፣ ከ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በኋላ ደን ተመንጥሮ ከለማ መሬት የመጣ ቡናን የሚከለክል የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በ2023 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፤ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ግን ሲራዘም ቆይቷል። ማሳው የት እንዳለ ትጠየቃላችሁ። ያን መረጃ የሚሰጣችሁ ገበሬው ነው። ከገበሬው ጋር ተኳርፋችሁ የማሳ መረጃ አታገኙም።

ማስጠንቀቂያ። ዝርዝራችሁ ላይ «ማህበረሰቡ» የሚል መስመር ካለ ሰርዙት። ማህበረሰቡ የሚባል አንድ ሰው የለም። እሸት የሚሸጥላችሁ ገበሬ ጣቢያው እንዲሰፋ ይፈልጋል፤ ከታች ውሃ የምትቀዳዋ ሴት እንዲዘጋ ትፈልጋለች። ሁለቱም አንድ እድር ውስጥ ናቸው።

የቀበሌ ወሰን ያታልላል። አንድ ዓመት ታኅሣሥ ላይ እንዲሁ ውሃውን ተከትለን ስንወርድ አንድ እረኛ ልጅ አገኘን። «ከብቶቹን እዚህ ታጠጣለህ?» አልነው። መልስ አልሰጠንም። አንዷን ላም በበትሩ ነካ አድርጎ ወደ ውሃው ነዳት። ላሟ አፏን አስጠጋች፣ አሸተተች፣ ዞራ ወጣች። «በቡና ጊዜ እንዲህ ናት» አለን ልጁ። የዚያ ልጅ ቤተሰብ እኛ ዝርዝር ላይ አልነበረም፤ ምክንያቱም ቀበሌያቸው ሌላ ነው፣ ስብሰባ ስንጠራ የጠራነው ደግሞ በቀበሌ ነበር። ወንዙ የቀበሌ ወሰን አያውቅም። ስለዚህ በውሃው እንጂ በአስተዳደር ካርታ አትዘርዝሩ።

## ደረጃ 2፦ ማንን አስቀድማችሁ እንደምታዳምጡ ወስኑ

በዝርዝሩ ላይ ካለው ከእያንዳንዱ ስም ፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፣ «አዎ» ወይም «አይ» ብላችሁ ሙሉ፦

- አቅም አለው? ሥራችሁን ሊያስቆም ወይም ሊያፋጥን ይችላል?
- ጥያቄው ተገቢ ነው? በሕግ፣ በውል ወይም በአካባቢው ወግ መብት አለው?
- አጣዳፊ ነው? ቢዘገይ ጉዳቱ የሚብስ ነው?

ሦስቱንም ያሟላ ካለ በዚያው ሳምንት ሂዱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አቅምን ብቻ አይቶ የወረዳ ኃላፊዎችን ከላይ ሲደረድር ነው። እናንተ ልዩ ምልክት አድርጉባቸው የምላችሁ ግን ጥያቄያቸው ተገቢም አጣዳፊም ሆኖ አቅም የሌላቸውን ነው። ከታች ውሃ የሚቀዱ ሴቶች። ለሁለት ወር ተቀጥረው የሚሄዱ የቀን ሠራተኞች። ዛሬ ደካማ ይመስላሉ። አንድ ቀን ግን ወጣቱ ወይም ፖለቲካው ጥያቄያቸውን ሲያነሳው በአንድ ሌሊት አቅም ያገኛሉ። በ2008 መጨረሻና በ2009 መጀመሪያ የተቃጠሉትን እርሻዎችና ፋብሪካዎች አስታውሱ። ሻኪሶ አካባቢ የነበረው የወርቅ ማዕድን ፈቃድም በ2010 ግንቦት የታገደው ነዋሪው «ተመረዝን» ብሎ አደባባይ ከወጣ በኋላ ነው። ሁሉም ቦታ ምክንያቱ አንድ ነበር አልልም። ነገር ግን ሰሚ ያጣ ጥያቄ ተኝቶ አይቀርም።

## ደረጃ 3፦ አዳምጡ

ሥራው የሚበላሸው እዚህ ስለሆነ ቀስ ብለን እንሂድ።

3.1 ደጅ ጥኑ፣ እዚያው ግን አትቅሩ። ወረዳ ደብዳቤ አስገቡ፣ ቀበሌ አሳውቁ፣ ሽማግሌዎችን ሰላም በሉ። ይህን መዝለል ንቀት ነው። ግን ከኃላፊዎቹ ጋር ተነጋግራችሁ «ማህበረሰቡን አወያይተናል» ብላችሁ አትመለሱ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ላይ ዜጎች ማህበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየት የመጠየቅ መብት ሲሰጥ መብቱ የሰዎቹ ነው። ሊቀ መንበሩ በእነሱ ፋንታ አይጠየቅም።

3.2 ትልቅ ስብሰባ አትጥሩ። ሁለት መቶ ሰው ዛፍ ሥር ሰብስባችሁ የምትሰሙት የአምስት ሰው ድምፅ ነው። ከስድስት እስከ አሥር ሰው አድርጉት። የሚመሳሰሉትን ለየብቻ ሰብስቡ፦ እሸት ሻጮች ለብቻ፣ ከታች ያሉ ውሃ ቀጂዎች ለብቻ፣ የአልጋ ሠራተኞች ለብቻ፣ ወጣቶች ለብቻ። የሴቶቹን ሴቷ ባልደረባችሁ ትምራው፤ ወንድ እዚያ አይቀመጥ። ቡና ላይ ቢሆን ደግሞ ከሁሉም ይሻላል፤ ሦስተኛው ስኒ ላይ የሚነገረው ነገር ስብሰባ ላይ አይነገርም።

3.3 ቀን ምረጡ። የገበያ ቀን አይሆንም። ሙስሊም ካለ ዓርብ እኩለ ቀን አይሆንም። ለቅሶ ካለ ሥራችሁን ትታችሁ ለቅሶ ድረሱ፣ ስብሰባውን ሰርዙት። ለሴቶች ማለዳ አይመችም፤ ውሃና ምሳ አለባቸው። ራሳቸው ሰዓት ይቁረጡ።

3.4 ይህን ጥያቄ አትጠይቁ፦ «ምን እናድርግላችሁ?» አደራ። ይህን ከጠየቃችሁ አስፋልት፣ ሆስፒታልና መብራት ይጠየቃሉ፤ አትችሉትም፣ ከዚያ በኋላ ዋሾ ናችሁ። እነዚህን ጠይቁ፦

- ባለፈው የቡና ወቅት ከእኛ ሥራ የተነሳ ምን ቸገራችሁ?
- መቼ ነው የሚብሰው? ጠዋት ነው ማታ? በየትኛው ወር?
- ችግሩን ለማን ነገራችሁ? ምን መለሰላችሁ?
- እኛ ከመምጣታችን በፊት እንዴት ነበር?

ሦስተኛዋ ጥያቄ ትልቅ ናት። «ለጥበቃው ነግረነው አባረረን» የሚል መልስ ከሰማችሁ የቅሬታ መንገዳችሁ የት እንደተዘጋ አወቃችሁ ማለት ነው።

3.5 ቃል አትግቡ። በግልጽ እንዲህ በሉ፦ «ዛሬ የመጣነው ለመስማት ነው። የምንችለውንም የማንችለውንም ይዘን በዚህ ቀን እንመለሳለን»። ቀኑን ቁረጡ፣ ጻፉት፣ ከቀኑ አንድም ቀን አትለፉ።

3.6 የሰማችሁትን መልሳችሁ አንብቡላቸው። «እንዲህ ብላችኋል፤ ልክ ነው?» በሉ። ያርሟችኋል። ሁልጊዜ ያርማሉ።

3.7 በፊርማ ተጠንቀቁ። የተገኙ ሰዎች ዝርዝር ላይ ከላይ «መገኘታቸውን እንጂ መስማማታቸውን አያሳይም» ብላችሁ ጻፉ፣ ጮክ ብላችሁም አንብቡት። በብዙ ቦታ የስብሰባ ፊርማ በኋላ «ተስማምተዋል» ተብሎ መሬት ተወስዶበታል ብለው ሰዎች ይፈራሉ። መፈረም ያልፈለገ አይፈርም፤ ቁጥሩን ብቻ መዝግቡ።

### እዚህ ደረጃ ላይ ሲበላሽ

*ሁሉም ዝም ካለ፦* ክፍሉን ተመልከቱ። ሊቀ መንበሩ ወይም የራሳችሁ ፎርማን ተቀምጧል። በአክብሮት አስነሱት፤ «አንዴ ሻይ እንጠጣ» ብሎ ይዞት የሚወጣ ሰው ቀድማችሁ አዘጋጁ።

*ሰው ከጮኸ፦* አታስቁሙ። ይጨርስ። በመሀል «ግን እኛ እኮ…» ብላችሁ ከገባችሁ በቃ፣ አለቀ።

*አበል ከተጠየቃችሁ፦* ደንቡን አስቀድማችሁ በጽሑፍ አውጡ። ለመጓጓዣ ይህን ያህል፣ ለሁሉም እኩል፣ በፊርማ። ለአንድ ኃላፊ በጓሮ በር የሰጣችሁት ውሎ አበል በማግስቱ ቀበሌው ሁሉ ይሰማዋል፤ ከዚያ በኋላ ማንም በነጻ አያናግራችሁም።

*የድሮ የመሬት ጥያቄ ከተነሳ፦* «ያ ከእኛ በፊት ነው» አትበሉ። ቦታው ላይ ያላችሁት እናንተ ናችሁ። ለብቻው መዝግቡት፣ ሰነዳችሁን አውጡ፣ በሽማግሌ እንዲታይ ሐሳብ አቅርቡ። ካሳው ያልተከፈለ ሆኖ ከተገኘ ሌላ ደረጃ ውስጥ አትግቡ፤ መጀመሪያ እሱ ይዘጋ።

## ደረጃ 4፦ መጀመሪያ የራሳችሁን ጉዳት አቁሙ

ማህበራዊ ኃላፊነት ማለት ከትርፍ ላይ ቆንጥሮ መስጠት ብቻ የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። መጀመሪያ ትርፉ ሲገኝ ማን ተጎዳ የሚለው ነው። የማጠቢያ ጣቢያ ሁሉ የሚጠየቅባቸው ሦስት ነገሮች አሉ።

ፍሳሹ። ከእሸቱ የሚላጠው ቅርፊትና ፍሬው ላይ ያለው የሚያሙለጨልጨው ነገር ስኳር አለው። ውሃ ውስጥ ሲገባ ይቦካል፣ ውሃውን ያኮመጥጣል፣ ውሃ ውስጥ ያለውን ኦክስጂን ይጨርሳል። ሽታው ከዚያ ነው። በአዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው የማጽዳት ወይም የማጽጃውን ወጪ የመክፈል ግዴታ አለበት፤ ስለዚህ ይህ የደግነት ጉዳይ አይደለም።

በቀን ስንት ውሃ እንደምትለቁ ካላወቃችሁ እንዲህ ለኩ። ፍሳሹ መውጫ ላይ 200 ሊትር በርሜል አስቀምጡ። ማሽኑ በሙሉ ኃይል እየሠራ በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ ያዙ። በ2 ደቂቃ ከሞላ በደቂቃ 100 ሊትር ነው። በቀን 8 ሰዓት ከሠራችሁ 48,000 ሊትር፣ ማለትም 48 ሜትር ኩብ። አሁን ጉድጓዳችሁን ለኩ። 10 ሜትር በ5 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር ከሆነ የሚይዘው 75 ሜትር ኩብ ነው። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ይሞላል። ሞልቶ የሚሄደው ወንዙ ውስጥ ነው። ብዙ ባለቤት «ጉድጓድ አለን» የሚለው ይህን ስሌት ሳይሠራ ነው።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ በመጀመሪያ ቅርፊቱን በወንፊት ከውሃው ለዩ። ቀጥሎ የመፈልፈያውን ውሃ መልሳችሁ ተጠቀሙ፤ የጉድጓዱን ሸክም በጣም የሚቀንሰው ይህ ነው። ከዚያ በየተራ የሚሞሉ ጉድጓዶችን ከወንዙና ከምንጩ አርቃችሁ፣ ዝናብ ሳይጠና ቆፍሩ። ኮምጣጣነቱን በኖራ አብርዱ። ከጉድጓዱ በታች የቬቲቨር ሣር ትከሉ። ቅርፊቱን ከእበትና ከአመድ ጋር ቆልላችሁ እያገላበጣችሁ ኮምፖስት አድርጉት፤ ለገበሬው መልሳችሁ ብትሰጡት ደስ ይለዋል።

ተደርምሶ ወይም ሞልቶ ወንዝ ውስጥ ከገባ፦ ማሽኑን አጥፉ፣ በዚያው ሰዓት ከታች ላሉት ሰው ላኩ፣ «ዛሬና ነገ አትቅዱ፣ ከብት አታጠጡ» በሏቸው፣ በቦቴ ወይም በጀሪካን ንጹሕ ውሃ አድርሱ። መደበቅ አይቻልም፤ ሽታው ይናገራል። ቀድሞ የተናገረ ሰው ይታመናል።

ሚዛኑ። ገበሬው ስለ ማህበራዊ ኃላፊነት ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚያነሳው ሚዛን ነው፣ አንዴም ሳይሆን ቀርቶ አያውቅም። በየቀኑ ጠዋት ሰው ፊት ፈትሹት። ባዶ ጀሪካን መዝኑ። በትክክል 20 ሊትር ውሃ ሙሉበት። ልዩነቱ 20 ኪሎ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ሚዛኑ ይጠገን፣ እስኪጠገን አትግዙ። የዕለቱን ዋጋ በር ላይ በትልቁ ጻፉ። ማንበብ ለማይችል ጮክ ብላችሁ ንገሩ። ወጪው ኖራና ጠመኔ ነው፣ ግን ከአሥር ክፍል ትምህርት ቤት በላይ እምነት ያመጣል ብል አላጋነንኩም።

ሠራተኛው። ወቅታዊ ቢሆንም ሠራተኛ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያለው በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፣ ማታም አይሠራም። እናት ልጇን ይዛ አልጋ ላይ ስትለቅም ልጁም መልቀም ይጀምራል፤ «እኛ አልቀጠርነውም» አያዋጣም። ጥላና ምንጣፍ ያለው አንድ ጥግ አዘጋጁ፣ ልጅ የምትጠብቅ አንዲት ሴት ቅጠሩ። ክፍያ በሳምንቱ፣ በስም ዝርዝር፣ በእጃቸው። ለቡድን መሪ ሰጥታችሁ «አከፋፍል» አትበሉ። ለሴቶች የተለየ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ ሽንት ቤት ይኑር።

## ደረጃ 5፦ አሁን ድጋፉን ምረጡ

ደረጃ 4 ሳይጀመር እዚህ አትድረሱ። ከደረሳችሁ፦

1. ከማዳመጡ የወጡትን ችግሮች ወስዳችሁ እናንተ የምትችሉትን ሦስት ብቻ ይዛችሁ ተመለሱ። ምርጫው የእነሱ ይሁን። በጠጠር ድምፅ ማሰጠት ጥሩ ነው፤ ሴቶችና ወንዶች ለየብቻ ይስጡ፣ ውጤቱን አወዳድሩ።
2. ጥያቄ አንድ፦ እኛ ብንሄድ ይቀጥላል? የቧንቧ ውሃ ከሆነ ማን ይጠግነዋል? መለዋወጫው የት ይገኛል? ገንዘቡን ማን ይይዛል?
3. ባለሙያ የሚፈልግ ነገር ከሆነ፣ ለምሳሌ ጤና ኬላ ወይም ትምህርት ቤት፣ ሠራተኛ እንደሚመደብለት ከመንግሥት መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ሳትይዙ አንድ ብሎኬት አታስቀምጡ። ተቆልፎ ፍየል የሚያርፍበት ክፍል ስማችሁ ተጽፎበት ሲታይ ያሳፍራል።
4. ስምምነቱን በሁለት ቋንቋ ጻፉ፦ ማን ምን ይሰጣል፣ መቼ፣ ማን ይረከባል። ጉልበትና ድንጋይ እነሱ የሚያዋጡበት ሥራ ይሻላል፤ የእኛ ነው ይሉታል።
5. ስጦታውን በባንክና በደረሰኝ አድርጉ። ከታክስ የሚቀነሰው ሕጉ በሚፈቅደው ልክ ብቻ ስለሆነ ከሂሳብ ሠራተኛችሁ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ማስጠንቀቂያ። «የአይሶ 26000 ሰርተፊኬት እናሰጣችኋለን» የሚል አማካሪ ከመጣ አትክፈሉ። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ ደረጃ የማህበራዊ ኃላፊነት መምሪያ ነው እንጂ ሰርተፊኬት የሚሰጥበት አይደለም። መምሪያነቱን ተጠቀሙበት፣ ለወረቀቱ ገንዘብ አታውጡ።

## ደረጃ 6፦ የቅሬታ መዝገብ ክፈቱ

ሳጥን አትስቀሉ። ጽሕፈት የማይችል ሰው ሳጥን ውስጥ ምን ይከታል? ጠንካራ ሽፋን ያለው መዝገብ ግዙ፣ እነዚህን ዓምዶች አስምሩ፦ ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ ቅሬታው በራሱ በሰውየው ቃል፣ የሚከታተለው ሠራተኛ፣ መልስ የሚሰጥበት ቀን፣ የተሰጠው መልስ፣ ሰውየው ረክቷል ወይስ አልረካም።

በ2 ቀን ውስጥ «ደርሶናል» በሉ። በ15 ቀን ውስጥ መልስ ስጡ። የውሃና የአካል ጉዳት ጉዳይ ከሆነ በዚያው ቀን። ተራ ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት ጽፋችሁ ለአመልካቹ ስጡት። መቀበያው ከአጥሩ ውጭ ይሁን፤ ጥበቃ የሚያልፍበት መንገድ ደካማውን ያስፈራል። ሰው የሚያምናትን አንዲት የእድር ጸሐፊ ወይም ባለ ሱቅ ጠይቁ። አንድ ስልክ ቁጥር አስተዋውቁ፣ ሚስድ ኮል ሲደረግ መልሳችሁ ደውሉ። ስሙን መናገር የማይፈልግ አይናገር። ቅሬታ ያቀረበ ሠራተኛ በቀጣዩ ወቅት ሳይጠራ ከቀረ መዝገቡ የሞተው ያኔ ነው፤ ስለዚህ የማይጠሩትን ሠራተኞች ዝርዝር ባለቤቱ ራሱ ከመዝገቡ ጋር ያስተያይ።

*መዝገቡ ባዶ ከሆነ፦* ችግር የለም ማለት አይደለም። ገበያ ቀን ገበያ ሂዱና ሰው ጠይቁ፣ መዝገብ እንዳለ ያውቃል ወይ? እኔ እንዳየሁት አያውቅም።

## መንገዱ ቀድሞ ከተዘጋ

ይህን ገጽ የከፈታችሁት ድንጋዩ ከተደረደረ በኋላ ከሆነ ደረጃ 1 ይቆያችሁ። ማሽኑን አቁሙ። መኪና ለማሳለፍ አትታገሉ። ለሰው ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ከሌለ ፖሊስን መጀመሪያ አትጥሩ፤ አንድ ወጣት ከታሰረ ጉዳዩ ከፍሳሽ ወደ እስር ይለወጣል፣ ያን ደግሞ እናንተ አትፈቱትም። ሽማግሌ ላኩ። መወሰን የሚችል ሰው፣ ቢቻል ባለቤቱ፣ በእግሩ ይሂድ። ሰምቶ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚፈጸም አንድ ነገር ብቻ ይናገር፤ ውሃ በቦቴ ማምጣት ሊሆን ይችላል፣ ያልተከፈለ ደመወዝ መክፈል ሊሆን ይችላል። ይፈጸም። ከዚያ ነው ስለ ቀሪው ቀጠሮ የሚያዘው። ገንዘብ ለመሪዎቹ በድብቅ አትስጡ፤ በሚቀጥለው ዓመት ድንጋዩ እጥፍ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

## ደረጃ 7፦ ተመለሱና ንገሩ

በቀጠራችሁት ቀን ሂዱ። ያደረጋችሁትን፣ ያልቻላችሁትንና ምክንያቱን ተናገሩ። «ሁለተኛው ጉድጓድ አልተቆፈረም፤ ገንዘብ አጠረን፣ እስከ ሰኔ 15 እንጨርሳለን» ማለት አያሳፍርም። ያልተሠራውን የተሠራ አስመስሎ ማውራት ነው የሚያሳፍረው፤ ጉድጓዱ እኮ ከመንገዱ ይታያል። የዓመቱን ማጠቃለያ በአንድ ገጽ፣ በአካባቢው ቋንቋ፣ ቀበሌና እድር ቤት ለጥፉ፦ ስንት ቅሬታ መጣ፣ ስንቱ ተዘጋ፣ ስንቱ ቀረ፣ ለጉዳት ማስተካከያ ስንት፣ ለድጋፍ ስንት።

ከዚያ ጳጉሜን ላይ፣ መፈልፈያው ሳይነሳ፣ ዝርዝሩን ይዛችሁ ያንኑ መንገድ እንደገና ወደ ታች ውረዱ። አዲስ ቤት ተሠርቶ ይሆናል። ምንጭ ደርቆ ሰው ሌላ ቦታ መቅዳት ጀምሮ ይሆናል። ስሙን ጨምሩ፣ ስልኩን ያዙ፣ ማጠብ የምትጀምሩበትን ቀን ንገሩት።